ማሽኑን የቆለፈው ንቀታችን ነው

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ያየ ቀን ቤታቸው ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። 50 በመቶ አልሞላለትም። በኋላ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ ለሁለት ዓመት የሕንፃ ግንባታ ሊማር ሲመዘገብ እናቱ ለጎረቤት «ለጊዜው ነው» እያለች ታስተባብል ጀመር።

እውነቱን እንነጋገር። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላዩን «የወደቁ» ብለን ማንን ይዘን ነው አገር የምንገነባው?

ሳይት የዋለ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ዲዛይኑን መሐንዲሱ ይሠራል። አርማታ በሚሞላበት ቀን ግን ሚክሰሩ አጠገብ ቆሞ «ውሃው በዛ፣ ተው!» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ቀጠን ያለ አርማታ ለሠራተኛው ይቀልለዋል፤ ሲደርቅ ግን ጥንካሬው ይወርዳል። ናሙና በ15 ሳንቲ ሜትር ኩብ ሞልቶ፣ ውሃ ውስጥ አቆይቶ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ማሽን ላይ የሚያስጨምቀው ቴክኒሺያኑ ነው። ሲ-25 የተባለው አርማታ በእርግጥ 25 ሜጋ ፓስካል መሸከሙ የሚታወቀው ያኔ ነው። ስታፋው በስንት ሳንቲ እንደታሰረ፣ ፌሮው ከካሳፎርማው ምን ያህል እንደራቀ፣ ሶሌታው በቂ ቀን ውሃ መጠጣቱን የሚያየውም እሱ ነው። እነዚህ ከተዘለሉ የመሐንዲሱ ፊርማ ሕንፃ አያቆምም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ግን ኮሌጆቹን ለማሞገስ አይደለም። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር ነው ሲባል እንሰማለን። ልጁን «አርማታ ሲጨመቅ አይተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። አንድ ዓመት ተምሮ በዓይኑ አላየም። ማሽኑ የለም እንዳይባል አለ፤ ክፍሉ ተቆልፏል። ለትብብር ሥልጠና የተላከበት ሳይት ላይ ደግሞ ውሎው ዕቃ መቁጠር ነበር።

ይህ ነገር አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆን ወላጅ ዝም ይል ነበር? አይልም። እዚህ ግን ማንም አልጮኸም፤ ምክንያቱም ልጁ እዚያ መግባቱን ራሱ እንደ ሐፍረት ይዘነዋል። ባፈርንበት ቤት ጥያቄ አናነሳም። ያልተጠየቀ ደግሞ አይሠራም። ልጁም ሳይለማመድ ይወጣል፤ ቀጣሪው «አይችሉም» ይላል፤ እኛም «ብለን ነበር» እንላለን። ንቀቱ ራሱን በራሱ ያረጋግጣል።

ለመንግሥት፦ የተቆለፈው ይከፈት። ለኮንትራክተሮች፦ ልጆቹን በሥራው ላይ አሰማሯቸው፤ አሥር ዓመት ሳይት ላይ የቆየ ቴክኒሺያንም የሚያድግበት የደረጃና የደመወዝ መሰላል ይኑረው።

ለእኛ ለወላጆች ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለ። ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ እዚያ የሚማር ከሆነ ኮሌጁ ድረስ ሂዱና «ላቦራቶሪው ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እህቴንም ያልኳት ይህንኑ ነው። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።