አካሉ ከክፍል፣ ሐሳቡ ከቤት

የትምህርት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚነገረው ስለ ክፍሎች፣ ስለ መጻሕፍትና ስለ መምህራን ቁጥር ነው። ይህ ተገቢ ነው። የገበሬ ማኅበራት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የማስተማሪያ ሥፍራ በማዘጋጀትና ሕዝቡን በመቀስቀስ ያበረከቱት ድርሻ የሚዘነጋ አይደለም። ዳሩ ግን ልጁ ደብተር ይዞ ከክፍል መግባቱ ብቻውን ተማረ አያሰኝም። በሐዘን የተጎዳ ወይም በፍርሃት የሚኖር ልጅ መምህሩን እያየ አይሰማም፤ የሰማውም አይጸናለትም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከየካ በላይ ባለው የእንጦጦ ጋራ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በገባው ባሕር ዛፍ መካከል፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱ እናቶችና ልጃገረዶች ለአገሬው እንግዳ አይደሉም። ጎሕ ሳይቀድ ጫካ የገባች፣ የደን ጠባቂ ያገኘኛል ብላ ስትሠጋ የቆየች ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ብታንቀላፋ «ሰነፍ» ትባላለች። እንዲህ የሚላት ሰው ሸክሙን አንድ ቀን ቢሞክረው ቃሉን በለወጠ ነበር። ከተማው እየሰፋ በመጣበት አቅጣጫም፣ ለምሳሌ በየካ አባዶ፣ የእርሻ መሬት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል። መሬት ከአባት እጅ ሲወጣ ጭንቀቱ ከልጅ ይደርሳል። ጠብና መጠጥ ቤት ከገቡ ደግሞ ልጁ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ትኩረት ያጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ምልክቱ ሁልጊዜ ጩኸትና ልብስ መጣል አይደለም። ከጨዋታ የራቀ፣ ዝም ያለ፣ ውጤቱ በድንገት ያሽቆለቆለ፣ በሽታ ሳይገኝበት ራሴን ሆዴን እያለ የሚቀር ልጅ ሊታሰብበት ይገባል። ዱላ እንዲህ ያለውን ልጅ ይበልጥ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም።

ሕመሙ ሲጠና ብዙ ቤተሰብ ከሩቅ አገር ጭምር ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይመጣል። በጸበሉ ማመን የሚያስነቅፍ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው ሕመምተኛው ሲታሰርና ከሕክምና ሲከለከል ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለአእምሮ ሕመምስ ይኸው ምክር የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ነበር። ዛሬ በዚያው በኮተቤ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም ይህን ሕክምና ይሰጣል። ከከተማ ራቅ ላለው ገበሬ መነሻው በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን እርሱ ወደ ሆስፒታል ይልካል።

እዚህ ላይ የአርሶ አደር ማኅበራት መሪዎች ሥራ ይጀምራል። ልጅ የታመመበት አባት በሐፍረት ይደብቃል እንጂ ደፍሮ አይጠይቅም፤ በመንደሩ የተከበረ ሰው ቀርቦ ሲያነጋግረው ግን ይሰማል። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ልጆች ከትምህርት እንዳይቀሩ የሥራ ተራ ማውጣትም ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም። ከክፍል የቀሩ ልጆች ስም በየወሩ ከርእሰ መምህሩ ይጠየቅ፤ ወደ ቤታቸው የሚሄደው ሰውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በዚያው ስብሰባ ላይ ቀን ይቁረጡ።