ጤዛን ሁለት ጊዜ አየነው

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ፊልም ይታያል። ልጆቹ ለትምህርትና ለሥራ ከባሕር ዳር ከወጡ ወዲህ የያዝነው ልማድ ነው። እራት ተበልቶ ዕቃው ከተነሣ በኋላ ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋል፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ሶፋው ጥግ እቀመጣለሁ። ፊልሙ እንዳለቀ ወዲያው መነጋገር ክልክል ነው። መጀመሪያ ሁለታችንም ከ10 የምንሰጠውን ነጥብ በየግላችን ቁራጭ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ከዚያ ወረቀቱ ይገለጣል፤ ክርክሩም ይጀመራል።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ድሮ "እንዴት አየኸው?" ስለው "አንቺስ?" ይለኝና የእኔን ሰምቶ ይስማማል። ለቤቱ ሰላም ሲል ነው። እኔ ግን የራሴን ሐሳብ መልሶ የሚነግረኝ ሰው ሳይሆን የሚከራከረኝ ሰው ነበር የፈለግሁት።

ክርክሩን አገኘሁት። ነጥባችን ገጥሞ አያውቅም። "የወንዶች ጉዳይ"ን ስናይ እኔ እንባዬ እስኪፈስ ስቄ 9 ሰጠሁ፤ እሱ 4። "ድፍረት"ን ስናይ ደግሞ ተገለባበጥን፤ እሱ 9፣ እኔ 6። ባለቤቴ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ይከፍት እንደነበር፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ያንን በር ዘግቶ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ እስከ እኩለ ሌሊት አስረዳኝ። እኔም "ሕጉን ተወው፤ ልጅቷን እኮ ብዙውን ጊዜ የምናያት በጠበቃዋ ዓይን ነው፤ የራሷን ሆድ መቼ አየነው?" አልኩት። አልተስማማንም። በነጋታው ግን ቁርስ ላይ ወሬያችን ያው ነበር። እንዲህ ያለ አለመስማማት ቤት ያሞቃል።

"ጤዛ" ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" ያላያችሁ ካላችሁ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። አንበርብር በጀርመን አገር ተምሮ፣ በዘረኞች ጥቃት አንድ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ቤት አዛኑ የምትባል፣ ልጇን ገድላለች ተብላ መንደሩ ያገለላት ሴት ተጠግታለች። ወታደሮች እየመጡ ወጣቶቹን ለጦርነት ያፍሳሉ፤ ልጆቹም ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ትልቁን የየኔንጋ ሽልማት አግኝቷል።

እኔ 9 ጻፍኩ። የባለቤቴን ወረቀት ስገልጥ 3 ይላል።

"ሦስት?" አልኩ።

"ረጅም ነው። አንዴ ጀርመን አንዴ ጣና፣ ይዘበራረቃል።"

"የገዛ ወንዛችን ታሪክ ነው እኮ! ባዕድ አክብሮ የሸለመውን አንተ ሦስት ትሰጠዋለህ?"

ዝም አለ። እኔም ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን "ድሮም አንተ ከተኩስና ከሩጫ ሌላ አይገባህም" አልኩት። ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። መብራቱን ሳያበራ ብዙ ቆየ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት "ደህና አደርሽ" "ደህና አደርክ" ብቻ ሆነ ንግግራችን።

በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። አንድ ታንኳ ደንገሉን እየጠረገ ያልፍ ነበር። ባለቤቴ እሱን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "እኔ በእንደዚህ ያለ ነው የወጣሁት" አለኝ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አፈሳው ወደ መንደራቸው እየመጣ ነው ተብሎ እናቱ በሌሊት ቀሰቀሱት። አጎቱ ወደ ዘጌ ሊያሻግሩት ታንኳቸውን አዘጋጅተዋል። የአክስቱ ልጅም አብሮት ነበር፤ እኩያው ነው፣ አብረው ነው ከብት የጠበቁት። ታንኳዋ ግን ከቀዛፊው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። "አንተ ቅደም፣ እኔ በሁለተኛው ዙር እመጣለሁ" አለው። ሁለተኛ ዙር አልነበረም። አጎቱ ሲመለሱ ልጁ ተይዟል። እሱ ዘጌ ቡናው ውስጥ ሁለት ወር ተደብቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአክስቱ ልጅ አልተመለሰም።

የአክስቱ ልጅ በጦርነቱ እንደቀረ አውቅ ነበር። በትዳር ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር በየተዝካሩና በየሰርጉ አክስትየውን አግኝቻቸዋለሁ። ባለቤቴ እሳቸው ባሉበት ቀና ብሎ እንደማያይ አስተውዬም ነበር፤ ጨዋነት መስሎኝ። ስለ ታንኳዋ ግን ሰምቼ አላውቅም።

"ልጆቹ ዋሻው ውስጥ ሲደበቁ ዓይኔን ጨፈንኩ" አለኝ። "ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙውን አላየሁትም። ያላየሁትን ፊልም ነው ሦስት የሰጠሁት።"

ያን ጊዜ የማደርገው ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለኝ፤ ያ ደግሞ የባሰ አመመኝ። ፊልሙ እየታየ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ እንባዬን ስጠርግ የእሱን ፊት ዞሬ አላየሁትም ነበር።

ከወር በኋላ "ያንን ፊልም ድገሚው" ያለኝ ራሱ ነው። ዋሻው ጋ ስንደርስ አቆምኩት። "ቀጥይ" አለኝ፤ እጄን ያዘና እስከ መጨረሻው አየው። ሲያልቅ እንደ ደንባችን ወረቀት አነሣን። እሱ 8 ጻፈ። "መጀመሪያ ሳየው እናትየዋን አላስተዋልኳትም" አለኝ። "የራሷ ጭንቀት ሳያንሳት መንደሩ ያባረራትን ሴት አስጠግታለች።" አክስቱን እያሰበ እንደሆነ ገባኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን ሊጠይቃቸው ሄደ። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኔ ደግሞ 7 ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር የጀርመኑ ክፍል ትንሽ ረዝሟል። "አላልኩሽም?" ብሎ ሳቀብኝ።

ውድ አንባቢያን፣ "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል" ሲባል አድገናል። ቢቀዳም እያንዳንዱ ወደ ትዳር የሚገባው የራሱን ዘመን ይዞ ነው። ከፊልም በኋላ "ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?" ተባባሉ፤ ተከራከሩም፤ ደስ ይላል። የትዳር ጓደኛችሁ ያለ ወትሮው ሲዘጋባችሁ ግን ፊልሙን ትታችሁ "የቱ ጋ ነው የከበደህ? የቱ ጋ ነው የከበደሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የዚያን ዕለት ላይመጣ ይችላል። እኔ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ከአንድ ሳምንት ፈጅቷል።

የፊታችን ቅዳሜ የመምረጡ ተራ የእኔ ነው። ኮሜዲ ነው የምናየው። 4 እንደሚሰጠው ከወዲሁ አውቃለሁ።