የሚከፈልበት ያድጋል፤ ማስተማርም ይከፈልበት

አንድ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎቹ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚሰጥ ማወቅ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ በበጀት ይታወጃልና። ገንዘቡ ምን ፍሬ እንዳፈራ ማወቅ ግን ከባድ ነው። ሕንፃ ለዓይን ይታያል፤ የተመራቂ ቁጥር በመድረክ ይነበባል፤ የታተመ የምርምር ጽሑፍም ይቆጠራል። በአንድ ተራ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰማንያ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል፣ መምህሩ ተዘጋጅቶ መምጣቱንና ተማሪዎቹ ትምህርቱ ገብቷቸው መውጣታቸውን ግን የትኛውም የበጀት ሰነድ አይናገርም። ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ በፊት የሚኖረው በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ገንዘቡ ወደዚያ ክፍል መዝለቁን የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ለመመርመር የፓኪስታን የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ታሪክ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ኮሚሽኑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ከ1974 ጀምሮ የነበረውን የዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ ኮሚሽን ተክቷል። ከዚያ አስቀድሞ የተሰየመውና ሰይድ ባበር ዓሊና ሻምስ ቃሲም ላካ በጋራ የመሩት ግብረ ኃይል መንገዱን ጠርጎለት ነበር። አዲሱ ተቋም ከፌዴራል መንግሥት የሚመደበውን መደበኛና የልማት በጀት ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያከፋፍላል፤ የሥርዓተ ትምህርት መመዘኛ ያወጣል፤ መምህራን የሚቀጠሩበትንና በማዕረግ የሚያድጉበትን ዝቅተኛ መስፈርት ይወስናል፤ የዲግሪ ማስረጃዎችንም ያረጋግጣል። በአጭሩ፣ ገንዘቡም መስፈርቱም በአንድ እጅ የተያዙበት ተቋም ነው። ከአፍሪካ ጭምር ተማሪዎችን የሚቀበለው በኢስላማባድ የሚገኘው ዓለም አቀፍ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲም ከዚህ ኮሚሽን ድጎማ ከሚያገኙት አንዱ ነው።

ኮሚሽኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያከናወነውን መካድ ፍትሕ አይሆንም። በመጀመሪያው ሊቀ መንበር በኬሚስቱ ፕሮፌሰር አታ ኡር ረሕማን ዘመን፣ ማለትም ከ2002 እስከ 2008፣ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በጀት በብዙ እጥፍ ጨመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለዶክትሬት ወደ ውጭ አገር ተላኩ፤ ሲመለሱም ለአምስት ዓመት አገራቸውን የማገልገል ግዴታ ተጣለባቸው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ቀድሞ በሩቅ የሚሰሟቸውን የምርምር መጽሔቶች ማንበብ ቻሉ። በውጤት ላይ የተመሠረተ አዲስ የመምህራን ቅጥር ተጀምሮ፣ በዚህ ሥርዓት የገቡት ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ደሞዝ ተከፈላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 የማይበልጡት ዩኒቨርሲቲዎችና ዲግሪ ሰጪ ተቋማት ዛሬ ከ200 በላይ ሆነዋል። በዓለም አቀፍ መጽሔቶች የሚታተሙ የፓኪስታን ጽሑፎችም በብዙ እጥፍ በዝተዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የበዛው ምንድን ነው? የበዛው የተቆጠረውና የተከፈለበት ነው። በኮሚሽኑ መስፈርት አንድ መምህር ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን 10፣ ሙሉ ፕሮፌሰር ለመሆን ደግሞ 15 የታተሙ የምርምር ጽሑፎች ያስፈልጉታል። ዶክትሬት ያለው መምህር ልዩ የወር አበል ይታሰብለታል። እነዚህ ቁጥሮች ግልጽ ናቸው፤ ማንም ሊከራከርባቸው አይችልም። የማስተማር ልምድም በመስፈርቱ ውስጥ አለ፤ የሚለካው ግን በዓመታት ብዛት ነው። አሥር ዓመት በሚገባ ያስተማረና አሥር ዓመት ያንኑ ያረጀ ማስታወሻ ያነበበ ሁለቱም አሥር ዓመት ያገለገሉ ተብለው ይመዘገባሉ።

ብልህ ሰው ሚዛኑ ወደሚደፋበት ይሄዳል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ዕድገቱን የሚጠብቅ ወጣት መምህር ምሽቱን ለነገው ትምህርት ዝግጅት ከማዋል ይልቅ ለአሥራ አንደኛው ጽሑፉ ቢያውል እሱን መውቀስ አይገባም፤ ሥርዓቱ እንዲያደርግ የነገረውን ነው ያደረገው። ጫናው ሌላ መዘዝም አስከትሏል። የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማሳተም እየተደጋገመ በመምጣቱ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2007 የጽሑፍ ስርቆትን የሚከላከል መመሪያ ለማውጣትና አጥፊዎችን በጥቁር መዝገብ ለማስፈር ተገድዷል። በቃኢደ አዕዘም ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት የፊዚክስ ሊቁ ፐርቬዝ ሁድብሆይ ቁጥሩ ሲያድግ ጥራቱ አብሮት አለማደጉን በጋዜጦች ላይ ደጋግመው ጽፈዋል። የኮሚሽኑ ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ ዶክትሬት ያለው መምህር በሌለበት ስለ ጥራት ማውራት ጣሪያ ሳይቆም ስለ ቀለም መነጋገር ነው ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። የተማረ መምህር ሳይኖር ጥሩ ትምህርት አይኖርም። ይሁን እንጂ መምህሩ መማሩ ማስተማር መቻሉን አያረጋግጥም። በሞለኪውል ጥናት የተራቀቀ ሰው ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የኬሚስትሪን መሠረት ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል። ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሥልጠና፣ ልምምድ፣ የሥራ ባልደረባ አስተያየትና ጊዜ ይጠይቃል። ዶክትሬቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከነበረ ሁለተኛው ምዕራፍ ሊከተል ይገባው ነበር። ጥያቄው ሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያውን ያህል ገንዘብና ክብደት ተሰጥቶታል ወይ የሚለው ነው።

ኮሚሽኑ የማስተማርን ጉዳይ ፈጽሞ ዘንግቶታል ማለት አይቻልም። በየዩኒቨርሲቲው የጥራት ማሻሻያ ክፍሎች እንዲቋቋሙ፣ የትምህርት ክፍሎች ራሳቸውን እንዲገመግሙ፣ ተማሪዎችም ስለ መምህሮቻቸው መጠይቅ እንዲሞሉ አድርጓል። የሁለት ዓመቱን የመጀመሪያ ዲግሪ በአራት ዓመት መርሐ ግብር ተክቷል። ለመምህራን የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል፤ በኋላም ብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት አካዳሚ አቋቁሞ፣ ዶክትሬታቸውን ገና የጨረሱ ወጣቶች በሚገባ ሠልጥነው ወደ ማስተማር እንዲገቡ ማድረግ ጀምሯል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በብዙ አገሮችም ውጤት ያሳየ መንገድ ነው።

ድክመቱ ያለው ሰንሰለቱ በሚቋረጥበት ቦታ ላይ ነው። የተማሪዎች መጠይቅ ይሞላል፤ ተደምሮም ይቀመጣል። ውጤቱ የመምህሩን ዕድገት ካላፋጠነ ወይም ካላዘገየ፣ ለደከመው መምህርም ሥልጠና ካላስገኘ፣ መጠይቁ ለፋይል ማሟያ ብቻ ይሆናል። የትምህርት ክፍሉ ግምገማ «ቤተ ሙከራው መሣሪያ የለውም» ብሎ ጽፎ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ስለ ቤተ ሙከራው ዝም ካለ፣ ገምጋሚው በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ሪፖርት ቀኑን ለውጦ ቢያስገባ ሊደንቀን አይገባም። ጥራትን የሚጠይቀው ክፍልና ገንዘብን የሚያድለው ክፍል ካልተነጋገሩ፣ አንደኛው ወረቀት ሲያመርት ሌላኛው ደሞዝ ሲከፍል ይኖራል።

ከዚህ ላይ የገንዘቡ ራሱ መመናመን ይጨመራል። ከ2018/19 የበጀት ዓመት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የኮሚሽኑ መደበኛ በጀት በ65 ቢሊዮን ሩፒ አካባቢ ተገትሮ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 አጋማሽ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ120 ሩፒ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2024 አጋማሽ ግን ምንዛሬው 278 ገደማ ደርሷል። በዚህ ስሌት 540 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ድጎማ ወደ 235 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወርዷል ማለት ነው፤ በእነዚያው ዓመታት ግን ዩኒቨርሲቲዎች መከፈታቸውን አላቆሙም። በግንቦት ወር 2024 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር ድጎማውን ወደ 25 ቢሊዮን ሩፒ ዝቅ አድርጎ ለፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ለማዋል አቅዶ፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ብርቱ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ወደ 65 ቢሊዮን ተመልሷል። ኮሚሽኑ የጠየቀው የዚህን እጥፍ ያህል ነበር።

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚጎዳው የትኛው ነው? ቋሚ ደሞዝና ጡረታ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ቀድመው አይነኩም፤ እነሱ ሲነኩ ችግሩ ከአቅም በላይ መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ የፔሻዋር ዩኒቨርሲቲ ለሠራተኞቹ መሠረታዊ ደሞዛቸውን ብቻ ለመክፈል የተገደደው ከዚህ ደረጃ ደርሶ ነው። ከዚያ በፊት ግን ድምፅ ሳያሰሙ የሚቀነሱ ነገሮች አሉ፤ ጡረታ በወጣው መምህር ቦታ አዲስ አይቀጠርም፤ ትምህርቱ በሰዓት ለሚከፈለው ጊዜያዊ መምህር ይሰጣል፤ ሁለት ክፍል በአንድ አዳራሽ ይጠቀለላል፤ የመምህራን ሥልጠናም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ከእነዚህ አንዱም በጋዜጣ ፊት ገጽ አይወጣም። ከተማሪው ላይ የሚወሰደው ግን በትክክል ይኸው ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የተቋሙ ነፃነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውን 18ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከትሎ፣ በ2011 ኮሚሽኑን አፍርሶ ሥልጣኑን ለክፍላተ ሀገራት ለማከፋፈል ተሞክሮ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ ሕግ እስኪወጣ ሥራው እንዲቀጥል ወሰነ። በ2021 ደግሞ የሊቀ መንበሩ የሥራ ዘመን በድንጋጌ ከአራት ወደ ሁለት ዓመት ተቆርጦ በወቅቱ የነበሩት ጣሪቅ ባኑሪ ከኃላፊነት ተነሡ፤ የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር ወር 2022 ወደ ቦታቸው መለሳቸው። በክርክሩ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለጊዜው እንተወው። የማስተማር ማሻሻያ ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የገንዘብ አከፋፋዩ ተቋም ዕድሜ በየድንጋጌው የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ማንም ኃላፊ በዘመኑ የማያየውን ፍሬ አይተክልም። በስድስት ወር ሊቆጠር የሚችለውን ይመርጣል፤ ያም አንድ ተጨማሪ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ተጨማሪ ሕንፃ ነው።

ማስተማርን መለካት አይቻልም የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ እናውቃለን። በእርግጥ እንደ ጽሑፍ በቁጥር አይለካም። ይሁን እንጂ ሊታይ ይችላል። አንድ ባልደረባ ክፍል ገብቶ ማየት፣ የፈተና ጥያቄዎችን በሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ማስመርመር፣ ተማሪው በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ይዞት መቀጠሉን መመልከት ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ፍርድ ይጠይቃሉ፤ ፍርድም ሊሳሳት ይችላል። አለመለካት ግን ስሕተትን አያስቀርም፤ ማስተማርን ዋጋ ቢስ አድርጎ መመዘን ነውና፣ ይህ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ጉዳዩ የአማርኛ አንባቢዎቻችንን በቀጥታ ይነካል። ኢትዮጵያም በተመሳሳይ መንገድ ተጉዛለች። እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ሁለት ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጥራት ኤጀንሲ በአዋጅ ተቋቁሟል፤ በዚያው ዓመት የመምህራንን የማስተማር ችሎታ ለማጎልበት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተጀምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የመውጫ ፈተና ጠቃሚ ነው፤ ዳሩ ግን የሚመዝነው ተማሪውን ነው፤ የሚመጣውም በመጨረሻ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ያልተማረውን ሲጠየቅ የሚወድቀው ወጣት፣ ያልተሰጠውን የሚመልስለት አካል የለውም።

በገልፍ አገሮች ከሰው ቤትና ከግንባታ ቦታ እየሠሩ የእኅትና የወንድማቸውን የኮሌጅ ክፍያ የሚልኩ ብዙ ሺህ ወገኖች አሉ። «የተማረ ይግደለኝ» በሚል ባህል ያደጉ ናቸውና፣ ከራሳቸው ቀንሰው የሚልኩት ገንዘብ ወደ ዕውቀት እንደሚለወጥ ያምናሉ። እነሱ የሚከፍሉት ለምርቃት ፎቶግራፍ አይደለም። በሪያድ ወይም በዱባይ ያለች እኅት ለታናሽ ወንድሟ ስትደውል «ስንተኛ ዓመት ደረስክ?» ብቻ ሳይሆን «መምህሮቻችሁ ክፍል ይገባሉ? የሠራችሁትን አርመው ይመልሱላችኋል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ለከፋይ የሚገባ ጥያቄ ነው። መንግሥትም በሕዝብ ገንዘብ የሚከፍል ነውና ይህንኑ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከፓኪስታን ልምድ የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በማዕረግ ዕድገት ላይ ማስተማር ከምርምር ጋር የሚስተካከል ክብደት ይኑረው፤ በማስተማሩ የላቀ መምህርም በዚሁ ብቃቱ ፕሮፌሰር የሚሆንበት መንገድ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ከድጎማው የተወሰነው እጅ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለቤተ ሙከራና ለክፍል መጠን ተለይቶ ይያዝ፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ እንዳይሆን በሕግ ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚያከፋፍለው አካል በየጊዜው ከሚለዋወጥ የፖለቲካ ንፋስ ተጠልሎ የሚሠራበት የሥራ ዘመን ይከበርለት፤ በምላሹም ገንዘቡ በክፍል ውስጥ ምን እንደለወጠ በየዓመቱ ለሕዝብ ይናገር።

ፓኪስታን በሁለት አሥርት ዓመታት ያረጋገጠችው አንድ ነገር አለ፤ መንግሥት በእውነት የፈለገውንና የከፈለበትን ነገር ዩኒቨርሲቲዎች ያመርታሉ። ጽሑፍ ተፈለገ፤ ጽሑፍ ተገኘ። ዶክተር ተፈለገ፤ ዶክተር ተገኘ። ጥሩ ማስተማርም በዚያው ጽናት ከተፈለገና በዚያው ልክ ከተከፈለበት የማይገኝበት ምክንያት የለም።