በሰዓት የሚከፈልበት ጀግንነት

ጌም ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ጩኸት ያውቀዋል። አንድ ልጅ ጆይስቲኩን ጨብጦ፣ ሰውየውን ግድግዳ ሥር አስጠግቶ፣ ዘበኛው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከኋላው አግዳሚ ላይ ተራ የያዙት አራት አምስት ልጆች መቀመጥ ያቅታቸዋል። «ውጣ እንጂ! ምን ያሸጉጥሃል? በለው!» ልጁ ትንሽ ይችላል። ቀጥሎ «ፈሪ» የምትለዋ ቃል ትመጣለች፤ እሷን የሚችል ግን የለም። ይወጣል፣ ይተኩሳል፣ ይሞታል። ጆይስቲኩ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።

ከመንዝ፣ ከሞላሌ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ስማር፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ ሆነው «በለው!» ከሚሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያ ጩኸት ከጌም ቤት ወጥቶ፣ ጢም አብቅሎ፣ ፍርድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ፍርዱን አብዝቼ የምሰማው በአንድ ጌም ላይ ነው፤ «ዴየስ ኤክስ፦ ማንካይንድ ዲቫይድድ» ይባላል። ጌም ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጬ ስሙን ሳነሣ መልሱ ተመሳሳይ ነው። ከፊተኛው ያንሳል፤ አጭር ነው፤ አንድ ከተማ ውስጥ ሲያዞርህ ቆይቶ ሳያልቅ ያልቃል። በስንት ጊዜ ጨረስከው ብዬ ስጠይቅ «በሁለት ቀን» ይለኛል። እንዴት አድርገህ? «እየተኮስኩ ነዋ!»

ክርክሬ ከዚህ «ነዋ» ጋር ነው።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የመጀመሪያው ዴየስ ኤክስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በ2011 «ሂዩማን ሬቮሉሽን» መጣ፤ የእሱ ተከታይ የሆነው «ማንካይንድ ዲቫይድድ» ደግሞ በነሐሴ 2016። ሁለቱንም የሠራው ሞንትሪያል፣ ካናዳ ያለው አይዶስ ነው። የምንይዘው ሰው አዳም ጄንሰን ይባላል፤ ክንዶቹ የብረት ናቸው። ታሪኩ የሚሆነው በ2029፣ ፕራግ ከተማ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አካላቸው ውስጥ ማሽን ያስገቡ ሰዎች በሌላ ሰው ሴራ በአንድ ጊዜ አእምሯቸውን ስተው ያገኙትን ሁሉ ፈጅተዋል። ከዚያ ወዲህ ብረት ያለበት ሰው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ወረቀት ይጠየቃል፤ ባቡር ሲሳፈር ለብቻው ፉርጎ አለው፤ ተርፎ የተገኘው ከከተማ ወጥቶ በታጠረ ሰፈር ይታጎራል።

አንድን ግቢ በብዙ መንገድ መግባት ይቻላል። በፊት ለፊት በር እየተኮሱ፤ ኮምፒውተሩን ሰብሮ ካሜራውን በማጥፋት፤ በአየር ቱቦ ተስቦ፤ አንዳንዴም በአፍ፣ በማግባባት። ነጥብ እያጠራቀሙ ችሎታ ይገዛል፤ የማይታይ ለመሆን የሚፈልግ ለዚያ፣ ግድግዳ መስበር የሚፈልግ ለዚያ። «ማንካይንድ ዲቫይድድ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ሳይገድሉ መጨረስ ይቻላል።

ተጫዋቾች የተናደዱበት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ኩባንያው ገና ጌሙ ሳይወጣ በ2015 ቀድመው የሚገዙ ሰዎች በበዙ ቁጥር ስጦታ የሚጨምር የሽያጭ ዘዴ አውጥቶ ነበር፤ ተጫዋቹ ጮኸ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ተሰረዘ። ጌሙ ሲወጣም ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ችሎታ የሚገዛበትን ነጥብ በተጨማሪ ብር እንዲሸምት ሱቅ ከፍተውበታል። ይህ ነውር ነው፤ ተጫዋቹ መቆጣቱ ትክክል ነበር። ታሪኩም ትልቁን ጥያቄ አንጠልጥሎት መቅረቱ እውነት ነው። በ2011ዱ «ሂዩማን ሬቮሉሽን»ም እንዲሁ፣ ተደብቆ የመጣውን ሰው ከትልልቆቹ ጠላቶች ጋር ሲያገናኙት በግድ ተኩስ ብለውት ነበር። ተጫዋቹ አጥብቆ ተቃወመ፤ በ2013 በወጣው የታረመ እትም ለተደባቂውም መንገድ ተከፈተለት። ጌሙን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሲናገር እንዲህ ሥራ ያስተካክላል።

«አጭር ነው» የሚለው ግን ጠጋ ብሎ ካየ ሰው የመጣ አይደለም። ሁለት ቀን የፈጀው የተኩሱ መንገድ ነው። ተኳሹ ከሚሽን ወደ ሚሽን በካርታው ላይ ያለችውን ምልክት ተከትሎ ይሮጣል። ተደባቂው ዘበኛው በየት እንደሚዞር፣ የት እንደሚቆም፣ ካሜራው ወደ ግራ ስንት ሰከንድ እንደሚያይ መቁጠር አለበት። ሲቆጥር ደግሞ ይሰማል፣ ያነብባል። ዘበኞቹ እርስ በርስ ያወራሉ። ሰዎች ቤት በመስኮት የገባ ሰው ያልተላከ ደብዳቤ፣ ያልተከፈለ ኪራይ፣ የተደበቀ ብረት እጅ ያገኛል። ፕራግ አንድ ከተማ ብቻ የሆነችው ሰፈር ለሰፈር ላልዞረባት ነው። መንገዷን ብቻ ያየ ሰው ጓዳዋን አልገባም።

አንዲት ሴት አለች። ኬላው ላይ ፖሊሱ ፊት ቆማለች፤ ወረቀቷ አልሠራ ብሏታል። ጌሙ አትቁም፣ እለፍ አይልህም፤ ቁምም አይልህም። የቆመ ሰው ፖሊሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ሐሰተኛ ወረቀት የሚሠራው ማን እንደሆነ እየተከተለ ይሄድና በመጨረሻ ለሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት ብቻ ይገኛል። ለማን ትሰጣለህ? እኔ ጌሙን በጨረስኩበት በሁለተኛው ዙር ነው ያገኘኋት። በመጀመሪያው ዙር በሩጫ አልፌያታለሁ፤ መኖሯንም አላወቅኩም።

እንዲህ ያለችውን ሴት ቆሞ ማየትን ነው ከሌላው አገር ተጫዋች ይልቅ ከእኛ የጠበቅኩት። ከደብረ ብርሃን ሞላሌ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ስንሄድ ገመድ ተዘርግቶ፣ ረዳቱ «መታወቂያ ይዛችሁ ውረዱ» ብሎ፣ በብርድ ተሰልፈን እናውቃለን። መታወቂያዋን ከቦርሳዋ የምታጣ እናት ፊቷ እንዴት እንደሚለወጥ እናውቃለን። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር እንደነበረ፣ ያ መስመር ሲነበብ የሰው ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆም የነገረን የለም፤ ቆመን አይተነዋል። ውጭ ያሉ ተጫዋቾች በባቡሩና በኬላው መዘግየት ሲሰለቹ እረዳቸዋለሁ። ጌሙ ውስጥ ተሳስተህ ብረት የሌለባቸውን ሰዎች ፉርጎ ከተሳፈርክ ስትወርድ ፖሊስ ያስቆምሃል፤ ወረቀት ይቀበልሃል፤ ያንገላታሃል። እነሱ «ጊዜ ያባክናል» አሉ። እኛም ያንኑ ቃል ተቀብለን «ጊዜ ያባክናል» እንላለን። ያ የሚባክነው ጊዜ ጌሙ ሊነግረን የመጣው ነገር ነበር! ስንቱ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ነው ጌሙን ሳይከፍት ፍርዱን ከዩቲዩብ ሰምቶ የያዘው?

ምክንያቱን ሳስብ ወደዚያ አግዳሚ እመለሳለሁ። ጌም ቤት ኳስ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል። ታሪክ ያለው ጌም ግን በሰዓት ነው። በሰዓት ለሚከፍል ልጅ ከግድግዳ ጀርባ የተቀመጠባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከኪሱ ትወጣለች። ትናንት ሴቭ ያደረገው ዛሬ በሌላ ልጅ ሴቭ ተተክቶ ይጠብቀዋል። መብራት በመሐል ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቤት መጠበቅ የሀብታም ነገር ነው፤ ስለዚህ መተኮስ ጀግንነት፣ መጠበቅ ፍርሃት ተባለ። ልጆቹን አልወቅስም። የምወቅሰው አድገን፣ ላፕቶፕ ገዝተን፣ ጌሙን በፍላሽ ተቀባብለን፣ ማንም ሰዓት የማይቆጥርብን ቤት ተቀምጠን አሁንም ሰዓት እንደሚቆጠርበት ልጅ የምንጫወተውንና የምንፈርደውን እኛን ነው።

«ፈሪ» የምትለው ቃል ደግሞ በእኛ አገር ሰው አፍ ልትገባ አይገባትም ነበር። የአካባቢያችን ልጅ ሁሉ ድብብቆሽ ተጫውቶ ነው ያደገው። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» እያለ ከክምር ሥር፣ ከጎታ ኋላ፣ ትንፋሹን ውጦ የሚቀመጠውን ልጅ ማንም ፈሪ አላለውም፤ እስከ መጨረሻ ያልተገኘው ነው ጎበዝ የሚባለው። (ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የሚል ጌም ሠርቷል፤ ዶሮዋ ከገበሬው የምትሸሽበት የሩጫ ጌም ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ስሙን ስሰማ ግን ሁልጊዜ የምመኘው አንድ ሰው የድብብቆሹን ኩኩሉ እንዲሠራልን ነው።)

አያቴ ስለ አርበኞቹ ሲያወራ ተኩሱን አያስረዝምም ነበር። የሚያስረዝመው ጠላት ከታች መንገድ ሲያልፍ በርኖሳቸውን ተከናንበው ድንጋይ መስለው ያደሩበትን ሌሊት ነው። መንዝና መርሐቤቴ በራስ አበበ አረጋይ ሥር አምስት ዓመት የቆየው በደፈጣ ነው እንጂ ደረት በመስጠት አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በዘረት አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ቁስለኛው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑና ሽማግሌው ከአርበኛው ጋር ተጠልሎ ሳለ የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷቸዋል። ይህን ከጌም ጋር ላወዳድረው አልፈልግም፤ አይወዳደርምም። የምለው፣ እንዲህ ያለ ዋሻ ያለበት አገር ልጅ መደበቅን ሲሰድብ ቃሉን የት እንዳገኘው ራሱን ይጠይቅ ነው። ከአባቶቹ አላገኘውም።

ከአገራችን ሌላም ምስክር አለ። ከመሐል ሜዳ አጠገብ ባለው ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል እየገባ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል ይወርዳሉ፤ ቀበሮውን ግን ዝም ይሉታል። ዝም የሚሉት እሱ ስለሚጠነቀቅላቸው ነው። መንጋው ጋ ሲደርስ እርምጃውን ያዘገያል፣ አቀርቅሮ ይሄዳል፣ አጠገቡ ያለችውን ግልገል አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ያህል እንደሚሳካለት፣ በመንጋው መሐል ሲሆን ግን 67 እንደሚደርስ መዝግቧል። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ይህን እናየው ነበር፤ ቁጥሩን ነው ያልቆጠርነው። ቀስ ብሎ የሄደው ቀበሮ ነው የሚበላው።

አንዳንዱ ጌም መዝናኛ ነው፣ እንደፈለግኩ ብተኩስ ምን አገባህ ይለኛል። አያገባኝም። ተኩስ። ጌሙም ፈቅዶልሃል፣ ጥይቱንም ሰጥቶሃል። የሚያገባኝ ጨርሰህ ስትነሣ ነው። ያላየኸውን ከተማ ባዶ ነው ብለህ አትመስክር። በስምንት መቶ ሜትር ሩጫ ያለፍከውን ሰፈር ሰው የለበትም አትበል። ምስክርነትህ ደግሞ ሰሚ አለው፤ ኩባንያ ይሰማዋል። አይዶስን የገዛው ኢምብሬሰር የሚባል የስዊድን ቡድን በጥር 2024 በሥራ ላይ የነበረውን ቀጣዩን ዴየስ ኤክስ ሰርዞ፣ በስቱዲዮው 97 ሠራተኞችን አሰናብቷል። የተሰረዘው በኩባንያው የገንዘብ ችግር ነው፤ በእኛ ወሬ ነው አልልም። ግን ሳያልቅ አለቀ ብለን ያማረርንበት ታሪክ ምናልባት ሊቀጥልበት ይችል የነበረው ጌም እሱ ነበር፤ ሲሰረዝ በየጌም ቤቱ የተቆጨ ሰው አላገኘሁም። «ድሮም አጭር ነበር» ነው ያሉኝ።

ባለፈው ለበዓል ሞላሌ ስገባ የእህቴን ልጅ ላፕቶፑ ላይ አገኘሁት። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንቀጫቅጨዋል፤ ባና ተከናንቦ፣ በግራ እጁ ቆሎ እየዘገነ፣ በቀኙ ማውሱን ይዞ ፕራግ ውስጥ ይተኩሳል። ሞተ። እንደገና ገባ፣ ሞተ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ምንም አልተናገርኩም። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞት፣ ደክሞት ይሁን አላውቅም፣ ሰውየውን ከአንድ ግንብ ኋላ አስጠጋው። አግዳሚ የለም፣ የሚጮህበት የለም፣ ሰዓት የሚቆጥር የለም። ዘበኛው ዞረ። ልጁ ቆሎውን ማኘክ አቆመ። ሁለት ጊዜ አዙሮ አየው፣ በሦስተኛው በዘበኛው ጀርባ አልፎ ወጣና ወደ መንገዱ ወረደ። ከዚያ ኬላው ጋ ሲደርስ ቆመ። ብዙ ቆየ።

«ጋሼ» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «ይቺ ሴትዮ ወረቀቷ ምን ሆኖ ነው የማያሳልፏት?»