ትጥቁስ ተፈታ፤ ወታደሩስ?

ከአንድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር

ስለ አገራችን ጦርነቶች ስንጨቃጨቅ ዘመን አልፏል። ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ማን ካደ፣ ማን አሸነፈ በሚለው ላይ በስደት ያለነው እንኳ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ግን አሸናፊም ተሸናፊም የሚጋሩትን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰው ወታደር የአእምሮ ጤና ነው።

እስኪ ታሪካችንን መለስ ብለን እንመልከት። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመረው የቃኘው ሠራዊት 121 ጀግኖቹን ሰውቶ፣ ከ500 በላይ ቆስለውበት፣ አንድም ምርኮኛ ሳያስቀር ተመለሰ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የእነዚህ ሰዎች ገድል የማይነሳ ወሬ ሆነ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሠራዊት በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ከኤርትራ በእግሩ ሱዳን የገባው፣ ከነመለዮው በየመንገዱ እጁን ለልመና የዘረጋው፣ በየካምፑ ታጉሮ «ተሃድሶ» የተሰጠው ይኸው ሠራዊት ነበር። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ኮሚሽን ለብዙዎች የወራት ስንቅና የእርሻ መሣሪያ ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» ብሎ የመጠየቁ ነገር ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህም አልተማርንም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ ግንባር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ረገፉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው እጅግ አስከፊ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ከዚያም ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳለሁ አለ፤ በትግራይ ሥራው የተጀመረው ግን በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ይህ ሳይጠናቀቅ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀጣጥሎ ነበር።

ለመሆኑ የወታደሩ ሕመም ለምን ይረሳል? በእኔ እምነት ምክንያቱ ፖለቲካዊ ነው። እያንዳንዱ አገዛዝ የቀደመውን ሠራዊት «የጨፍጫፊው ሥርዓት ወታደር» ብሎ ስለሚፈርጅ፣ ሰውየው ሕመሙን ሲናገር ጥፋቱን የተናዘዘ ይመስልበታል። በሥልጣን ላይ ያለው ደግሞ አዲስ ምልምል ስለሚፈልግ ጦርነት አእምሮ ይጎዳል ብሎ ማመን አይሆንለትም። ጠመንጃና ብር ተቆጥሮ ለለጋሾች ሪፖርት ይቀርብበታል፤ ቅዠትና ድንጋጤ ግን ሪፖርት አይሆንም። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ እንደነበርም አንዘንጋ።

የአሜሪካ ልምድ ለእኛ ትምህርት አለው። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች መንግሥት እስኪያስብላቸው አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰባስበው ያዩትንና ያደረጉትን እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። ሮበርት ሊፍተንና ኻይም ሻታን የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞችም አብረዋቸው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኮንግረሱ የቀድሞ ወታደሮች የምክር ማዕከላትን አቋቋመ፤ ከሆስፒታል ተለይተው በየሰፈሩ የተከፈቱ፣ ከአማካሪዎቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ወታደር የነበሩ ናቸው። በማግሥቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ በይፋ ስም አገኘ። ልብ በሉ፤ የወታደሮቹ መሰባሰብ ቀደመ፣ መንግሥት ተከተለ።

ታዲያ እኛስ? በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ በፓርኪንግ ሌሊቱን የሚያነጋው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ከጎናችን የሚቆመው ወገናችን ስንት ግንባር እንዳየ ጠይቀነው እናውቃለን? ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ኑሯቸውን አስተካክለው የሚኖሩ እንጂ ሁሉም ሕመምተኞች አይደሉም። እንቅልፍ የነሳው፣ በትንሽ ድምፅ የሚበረግግ፣ ከሰው የሸሸ፣ መጠጥ ያበዛ ግን «አብዷል» ሊባል ሳይሆን ሊጎበኝ ይገባዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እድሮቻችን ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሰው በቁሙ ሲጨነቅም ይድረሱ። የቀድሞ ወታደሮች በወር አንድ ቀን ቡና ይዘው የሚቀመጡበት ክፍል ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቦታ ይዞ ያደረን ሰው ቦታ ይዞ ያደረ ሰው ይረዳዋል።

ሁለተኛ፣ በዚያ ክፍል ፖለቲካ አይግባ፤ የተነገረውም ከደጅ አይውጣ። የደርግ ወታደር፣ የኢሕአዴግ ታጋይ፣ በትግራይም ሆነ በአማራ የተዋጋ ሁሉ እኩል ይቀመጥ። አስቸጋሪ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ነገር ግን ስለ ብሔራዊ እርቅ የምንሰብክ ሁሉ እውነተኛነታችን የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጓደኛ ሐኪምን አይተካም። ጠበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጣላም። አሜሪካ ያለ ሰው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲያስጨንቀው 988 ይደውል። በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ልጆቻችን ደግሞ ደውለው 1 ቁጥርን ሲጫኑ ለቀድሞ ወታደሮች የተመደበ ሰው ያገኛሉ።

አገዛዞች ወታደሩን ሲፈልጉት ጀግና፣ ሲጨርሱት ሸክም አድርገውታል። ተቃዋሚ ነን የምንል ወገኖችም ነገ ሥልጣን ብናገኝ የተለየን መሆናችንን ዛሬ፣ በእጃችን ባለው እድርና ማኅበር፣ ማሳየት እንችላለን።

ቸር ይግጠመን።