ግቢውን በሙሉ ድንጋይ ማልበስ ያዋጣል ወይ?

ሆሳዕና ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው ቤት የሄደ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው የባለቤቱን ሳሎን ሳይሆን የራሱን ጫማ ነው። ጭቃው ጫማውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይይዘዋል፣ በር ላይ ባለው ብረት ይፋቃል፣ ከዚያ «ግድ የለም፣ ግባ ግባ» ይባላል። ግድ እንዳለው ግን ሁሉም ያውቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም ከ1,000 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ እዚህ «ግቢ ማስነጠፍ» የቅንጦት ወሬ አይደለም። ዱራሜ፣ ሺንሺቾ ወይ ሾኔ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም የምለው ይገባችኋል።

ሰሞኑን ግን ነገሩ ከጭቃ ማምለጥ አልፎ ፋሽን ሆኗል። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ የመንገዱ ዳር በንጣፍ ሲያምር ያየ ሁሉ ያንኑ ግቢው ውስጥ ማየት ይፈልጋል። ቲክቶክ ላይም «በፊት» እና «በኋላ» እየተባለ የሚለቀቅ የግቢ ቪዲዮ ሞልቷል። አስተውላችሁ ከሆነ ቪዲዮዎቹ ላይ መቼም ዝናብ አይዘንብም። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ያን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ይልክና «እኛስ?» ይላል። የእኛም ቤት ታሪክ የጀመረው እንደዚሁ ነው።

ወንድሜ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጅ ለሆነ አንባቢ ያ ብር እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ፣ ማታ በሩን ሦስት ጊዜ ቆልፎ የሚሰበሰብ ብር ነው። የላከውም ግቢያችን እንዲያምር ብሎ አልነበረም። እማዬ ሐምሌ ላይ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ስትመጣ ጭቃው አንሸራቷት ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «እናስነጥፍ ወይስ አናስነጥፍ?» አልነበረም። ምን ያህሉን? በምን? መቼ? እነዚህ ነበሩ ጥያቄዎቹ። ሦስቱንም ተሳሳትን።

ከመቼው ልጀምር። በእኛ አገር ቤት የሚታደሰው ለመስቀል ነው። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ውጭ ያለውም የቻለ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቤቱ ይለቀለቃል፣ አጥሩ ይጠገናል። እኛም «ለመስቀል ይድረስ» ብለን ነሐሴ መሀል ላይ አስጀመርን። ነሐሴ ላይ መሬቱ እንደ ረጠበ ሊጥ ነው። የንጣፍ ሥራ ዋናው ነገር ደግሞ ላዩ ሳይሆን ሥሩ ነው። ለስላሳው አፈር ተቆፍሮ ይወጣል፣ በምትኩ ሰለክት ይገባል፣ በኮምፓክተር ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል፣ ከዚያ ነው ድንጋዩ የሚደረደረው። ዳሩ በከርብ ካልታሰረ ድንጋዩ ወደ ጎን ይሸሻል። ጠቅላላው ንጣፍም ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ በ10 ሜትር ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል።

የእኛ ባለሙያ (ስሙን አልጠራም፣ ሰርግ ላይ እንገናኛለን) አፈሩን ሳያወጣ አሸዋ ደልድሎበት ደረደረው። ኮምፓክተር ሲባል «በእጅ መደቆሻ ይበቃል» አለ። እኛም አመንነው፣ ምክንያቱም ዋጋው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፣ ምክንያቱም መስቀል ደርሷል። ለመስቀል በእርግጥ ያምር ነበር። ፎቶ ተነሣንበት፣ ለወንድሜ ላክንለት፣ የልብ ምልክት መለሰልን። በሚቀጥለው በልግ ግን መኪና የገባበት በኩል ሁለት መስመር ሰምጦ እንደ ገበታ ውሃ ያቁር ጀመር።

በምን የሚለው ላይ ስሕተታችን ትንሽ ነው፤ እሷም የቪዲዮው ጣጣ ነች። ወንድሜ የፈለገው እንደ ዚግዛግ የሚገጣጠመውን ባለ ቀለም የሲሚንቶ ንጣፍ ነበር፤ እማዬ «ኮብሉ ይሻላል» ብላ ነበር። እሷ ልክ ነበረች። የሲሚንቶ ንጣፍ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለሰው እግር 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ መኪና ለሚገባበት 8 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ከተመረተ በኋላ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቶ ከመጣ ዕድሜ አለው። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ነው። ለመስቀል ገበያ የሚቸኩል ማምረቻ ግን 28 ቀን አይጠብቅም። ሁለቱን አንስታችሁ እርስ በርስ አጋጩአቸው፤ ጥሩው ይጮኻል፣ ጥሬው ደፍ ብሎ ጠርዙ ይረግፋል። እኛ ይህን ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነው።

ኮብልስቶን ይህ ችግር የለበትም፤ ጥቁር ድንጋዩ ከእኛ በፊት ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ይኖራል። ኮብል በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ እነ ድሬዳዋና አዳማ ላይ ተሞክሮ፣ ቆይቶ የዓለም ባንክ በደገፋቸው የከተማ ልማት ፕሮግራሞች በኩል ወደ ብዙ ከተሞች ወረደ። የሰፈር መንገድ በነዋሪው መዋጮ ሲነጠፍ፣ ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ጠራቢና አንጣፊ ሆነ። «ዲግሪ ይዞ ኮብል» እየተባለ ስንት ቀልድ እንደተቀለደ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያ ቀልድ ዛሬም ያናድደኛል፤ ድንጋይ ጠርቦ አሥር በአሥር ማውጣት የሚችል እጅ ማለት ሙያ ያለው እጅ ነው፣ ያን እጅ ብንቀጥር ኖሮ ግቢያችን አይሰምጥም ነበር። ኮብል አንድ ጉድለት አለው፦ ተረከዝ ላለው ጫማና ለአሮጊት ጉልበት አይመችም። ስለዚህ ፊቱ ለስለስ ተደርጎ የተጠረበውን መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ምን ያህሉን ወደሚለው። ግቢያችን ቤቱ ካረፈበት ውጭ 110 ካሬ ይሆናል። በሙሉ አነጠፍነው። አንድ ቀን ማታ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል እንበል፤ ለሆሳዕና ክረምት ይህ ብርቅ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 110 ካሬ ላይ 2,200 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 110 ጄሪካን። ከ80 ካሬ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ የሚወርደው 1,600 ሊትር ሲጨመርበት 3,800 ሊትር። ድሮ አብዛኛውን ሣሩና የጓሮው አፈር ይጠጣው ነበር። አሁን የት ይሂድ? ታች ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ ማድ ቤት ገባ። ጋሼ ሽማግሌ ናቸው፣ አልተቆጡም፤ ባልዲ ይዘው በራችን ላይ ቆሙና «ልጆቼ፣ ውሃችሁን ልመልስላችሁ መጣሁ» አሉ። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የቤቱን ፊት ለፊት ከ5 ካሬ በላይ ውሃ በማያሳልፍ ነገር የሚያነጥፍ ሰው፣ ውሃውን ወደ አፈር የሚያሰርግበት ካላዘጋጀ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እነሱ ይህን ያደረጉት ጎርፍ ስላስቸገራቸው ነው። እኛ ቦዩ ገና ያልተጠናቀቀበት ሰፈር ውስጥ ሆነን ከእነሱ ይልቅ ደፋር ነን።

ሌላው ደግሞ እንሰቱ ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ስድስት እንሰት ነበረን። በእኛ ቋንቋ ዌሳ ይባላል፤ ከቤት ሳይርቅ፣ የቤቱን ጥራጊና አመድ እየበላ ነው የሚያድገው። ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ለንጣፉ ሲባል አራቱ ተነቀሉ። እኔ ራሴ «ቆጮ ከገበያ እንገዛለን» ያልኩት ሰው ነኝ። እማዬ ምንም አላለችም፤ ሁለቱ የቀሩት እሷ በተሰበረ ክንዷ እዚያ ቆማ ሠራተኞቹን ስላላስጠጋች ነው። የቆጮን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው የተነቀሉት አራቱ በብር ስንት እንደሚሆኑ ማስላት ከባድ አይደለም። ከቤቱ ፊት የነበረው ሣርም ሄዷል። ሣሩ ላይ ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከልበት ነበር። ድንጋይ ላይ ካስማ አይገባም። ይህን ማን አስቦት?

«ግን የቤቱ ዋጋ ይጨምራል አይደል?» ትሉኛላችሁ። ጓደኞቼም የሚሉኝ ይህንኑ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛና ተማሪ ክፍል ሲከራይ «ግቢው ጭቃ የለውም ወይ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ደላላ ሁሉ ያውቃል። ከውጭ በር እስከ ክፍሉ ደረቅ መረማመጃ ያለው ቤት ቶሎ ይከራያል። ነገር ግን ተከራዩ የሚረግጠው ያን መረማመጃ ነው፤ ለቀሪው 80 ካሬ አንድ ብር አይጨምርላችሁም። ለመሸጥ ካሰባችሁም ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ካርታውን፣ ቦታውን፣ ውሃና መብራቱን ነው። መሬቱ እንደሆነ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ የሆነው በላዩ ያሠራችሁት ነው። እግረ መንገዴን፣ ደረሰኛችሁንና ፎቶአችሁን አስቀምጡ። በካሳ አዋጁ፣ በ1161/2011 ማለቴ ነው፣ ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ ካሳ የሚታሰበው መሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ነው። ያሠራችሁትን ነገር በወረቀት ማሳየት መቻል አይጎዳም።

እና ያዋጣል ወይ? የእኔ መልስ፦ ከውጭ በር እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ መጸዳጃ ቤት አንድ ሜትር ከሃያ ስፋት ያለው መረማመጃ ማንም ይሥራ፣ ተበድሮም ቢሆን ይሥራ። የእናት ክንድ ዋጋ የለውም። መኪና ካለ ለእሷ የሚበቃ ቦታ ይጨመር። ከዚያ በላይ ብር ከተረፈ ግን ወደ ድንጋይ ሳይሆን ወደ ጣሪያው አሸንዳና ወደ ውሃ ታንከር ይሂድ። ያ 1,600 ሊትር የጣሪያ ውሃ ለጋሼ ጭንቅ፣ ለእኛ ግን ቧንቧ በጠፋ ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ነው። ሥራውም ከጥቅምት በኋላ፣ መሬቱ ሲጠነክር ይጀመር። ዘመድ በመስቀል ጭቃ ረግጦ ቢመጣ አይሞትም፤ ስንት ዓመት ሲረግጠው የኖረ ዘመድ ነው።

የንጣፍ አንድ በጎ ነገሩ፣ አሸዋ ላይ የተደረደረ ከሆነ መልሶ መነሣት መቻሉ ነው። እንደ አርማታ መዶሻ አይፈልግም። ባለፈው ኅዳር ሙያውን የሚያውቁ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ቀጥረን የሰመጠውን አነሣን፣ ሥሩን ቆፍረን ሰለክት አስገባን፣ ጠቀጠቅን፣ መረማመጃውን እንደገና ሠራን። ከቤቱ ፊትና ከጓሮ ያለውን ግማሹን ነቅለን አፈሩን ገለጥን። ደህና ከሆኑት ጡቦች ለጋሼ ማድ ቤት ደጃፍ የሚሆን ሰጠናቸው፤ «ውሃውም ድንጋዩም ከእናንተ» ብለው ተቀበሉን።

ለወንድሜ የነገርኩት በድምፅ መልእክት ነው፤ መጻፉ ከበደኝ። ብሩ እንዴት እንደተገኘ አውቃለሁና ግማሹን ነቀልነው ማለት ቀላል አልነበረም። ለሁለት ቀን አልመለሰም። በሦስተኛው ቀን «እማዬ እንዴት ነው የምትራመደው? ቪዲዮ ላክልኝ» አለ። ከማድ ቤት ጀበና ይዛ ስትመጣ ቀርጬ ላክሁለት። ከኋላዋ አዲስ የተተከሉ ሦስት የእንሰት ችግኞች ይታያሉ። «እነዚያ መቼ ነው የሚደርሱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ስድስት ዓመት አልኩት። «በዚያ ጊዜ እኔም እገባለሁ» አለ።