እረኛን ያልጠየቀ ዘመቻ

ሐምሌ ሲጋመስ ጭጋጉ ከጉና ተራራ ላይ ወርዶ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ደጋ ላይ ይተኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ጠዋት በላይ ጋይንት፣ አንድ ኮረብታ ጥግ ቆሜ የችግኝ ተከላ አየሁ። ተማሪው በሰልፍ መጥቷል። እናቶች ልጅ አዝለው፣ አባቶች ዶማ ተሸክመው ወጥተዋል። መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ በሁለት አጣና መካከል ተወጥሯል። እንግዶቹ ጭቃውን እየሸሹ በድንጋይ በድንጋዩ እየረገጡ መጡ፤ አንዳንድ ችግኝ ተከሉ፤ ፎቶ ተነሡ። ቀትር ሳይሆን ኮረብታው ጭር አለ።

ዓይኔ የቀረው ግን አንድ ልጅ ላይ ነው። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ገሳውን ደርቦ፣ ጅራፉን በትከሻው ጥሎ፣ ከብቶቹን ከሸንተረሩ ማዶ ይዞ ቆሟል። «ወዲህ እንዳታመጣ!» ተብሎ ነበር። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከማለዳ እስከ ማታ ውጭ ነው የሚውለው፤ በዝናቡም፣ በውርጩም፣ በበረዶውም። ያን ቀን ግን ለተፈጥሮ ሊቆረቆር የወጣው ሕዝብ ሁሉ ወዲህ ሲቆም፣ እሱ ከነከብቶቹ ከጠላት ወገን ተመድቦ ወዲያ ቆመ። ሰዉ ሲበተን ሄጄ አነጋገርሁት። ያለኝን እመለስበታለሁ።

ችግኝ መትከልን አልነቅፍም፤ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ያየ ሰው እንዴት ይነቅፋል? የምነቅፈው ተፈጥሮን መንከባከብ የአንድ ቀን ሰልፍ ነው የሚለውን፣ ቤተሰብንም በዶማ ቁጥር ብቻ የሚያውቀውን ልማድ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታወጀ። ዕቅዱ 200 ሚሊዮን ነበር። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ደግሞ የአንድ ቀኑ ግብ 500 ሚሊዮን ሆነ፤ ማታ የተነገረው ቁጥር ከዚያም በለጠ። ቁጥሩን የተጠራጠሩ ብዙ ናቸው። እኔ ለክርክሩ ስል ልቀበለው። ቢሆንስ? የተቆጠረው እኮ ጉድጓድ ነው። በሚያዝያ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅና ከብቱ ሣር አጥቶ ቁጥቋጦ ሲግጥ፣ ከዚያ ሁሉ ስንቱ ቅጠል እንደ ያዘ በዚያው ድምቀት የሚታወጅበት ቀን ግን የለንም። ሙሽራን በሠርጉ ቀን ብቻ ዘፍኖላት በማግስቱ በር እንደ መዝጋት ነው።

የጥንት ሰዎች ከዚህ ይሻሉ ነበር። ንጉሡም ባላባቱም አገሩ እንዴት እንደ ዋለ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ሜዳ ስለሚውል የሚያየውን ሌላው አያይም። የጋይንት እረኛ የትኛው ምንጭ በመጋቢት እንደሚነጥፍና የትኛው እንደማይነጥፍ ያውቃል። አጋሙ መቼ እንደሚጠቁር፣ ቀጋው መቼ እንደሚቀላ ማንም አያስተምረውም። ጭላዳ ዝንጀሮ በየትኛው ገደል እንደሚያድር ያውቃል። ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ያለው ጓደኛው ደግሞ እንኮዩንና ዶቅማውን በየዛፉ ለይቶ ያውቃል፤ የትኛው እንደሚጣፍጥ፣ የትኛው ጥርስ እንደሚያጠርስ። ይህን የሚያውቅ ሰው በአገራችን ወረቀት ላይ ስሙ «ያልተማረ» ነው።

ትምህርት ቤት የገባው ወንድሙስ? በአንደኛ ደረጃ «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት አለ። ስሙ ሲያምር! ትምህርቱ ግን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ልጁ ሥር፣ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል ብሎ ሲገለብጥ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ኮሶ ሴቴ ይሁን ወንዴ ጠይቆ አያውቅም። ቀይ ቀበሮ በጉና ይኖር ነበር፤ ዛሬ ተማሪው የሚያውቀው ከመጽሐፉ ሥዕል ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከላይ ጋይንት፣ ከእስቴና ከፋርጣ መካከል ቆሟል፤ ርብና ጉማራ ከጎኑ ወጥተው ጣና ይገባሉ፤ ሌላው ውሃው ወደ ተከዜና ወደ ዓባይ ይሄዳል። አናቱ ላይ ጅብራ፣ አስታና ጓሳ አለ፤ ገብሱና ድንቹ ግን ሽቅብ እየገፋው ነው። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም በነፋስ መውጫ ተምሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጉናን ግን በመኪና መስኮት ብቻ ያየ ልጅ ቁጥሩ ቀላል አይመስለኝም።

ሌላው ዓለም ልጆቹን ከቤት ለማስወጣት መጽሐፍ እየጻፈ ነው። ሪቻርድ ሉቭ የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ልጆች ከሜዳና ከጫካ መራቃቸውን እንደ ሕመም ቆጥሮ ስም አወጣለት። ያ ወሬ እኛም ዘንድ በአዲስ አበባ በኩል ደርሷል፤ ቤተሰብ ቅዳሜን እንጦጦ ፓርክ ይውላል። ደስ ይላል። ይህንኑ ምክር ይዞ ታች ጋይንት መውረድ ግን ለአዝማሪ ማሲንቆ እንደ ማስተማር ነው። እዚያ ቤተሰብ ከቤት የሚወጣበት ቀን ሞልቷል፦ ገናን በሜዳ፣ ጥምቀትን በወንዝ ዳር፣ ቡሄን በጅራፍ፣ መስቀልን በደመራ፣ አጨዳውን በወንፈል። ዘመቻው ከነዚህ ቀኖች አንዱንም አልተጠቀመበትም። የራሱን ቀን ፈጠረ፤ ያውም አርሶ አደሩ ፋታ በሌለው በሐምሌ። ለተከላ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ለመትከል ክረምትን የመረጠ፣ ለመጠበቅ በጋን ለምን አልመረጠም?

አንድ ነገር ልመን፤ እረኝነትን አላወድስም። ልጅን ከትምህርት ያስቀራል፣ ያስርባል፣ ያስገርፋል። ከብቱም ቢሆን ለጉና አስታ አልራራለትም። ነገር ግን ከብቱን የሚነዳው ልጅ ነው። ችግኙን የሚበላውንም የሚያድነውንም በአንድ ጅራፍ የያዘ ሰው ከወገን ካልተቆጠረ ዘበኛ ቢቀጠር፣ ቅጣት ቢደነገግ ምን ይረባል?

ባለቤት የሌለው ዛፍ ምን እንደሚሆን እኛ በዓይናችን አይተናል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ፣ በስንዴና በዘይት እየተከፈለ ኮረብታው ተከለለ፣ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ብዙው ጸድቆም ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያ ሁሉ ደን በአንድ ሰሞን ተጨፈጨፈ። የቆረጠው ማን ነው? የተከለው ሰው ነዋ! የተከለው ለስንዴው ነበር፤ ዛፉን «የመንግሥት ነው» ሲሉት ኖረዋል፤ መንግሥት ሄደ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ድሀውን እያሠራ የሚረዳው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መጣ፤ ላይ ጋይንትም፣ ታች ጋይንትም፣ ስማዳም አሉበት። ስንት ድሀ በእሱ ሕይወቱ ተርፏል፤ ክፉ አልናገረውም። ስሌቱ ግን ያው የድሮው ነው፦ ስንት ሰው ስንት ቀን ሠራ? ዛፉ ኖረ ሞተ በሒሳቡ ውስጥ የለም።

እስቲ ባሕር ዛፍን ተመልከቱ። በምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። ገበሬው በደጁ ሲተክለው ሰልፍ የወጣ፣ ጨርቅ የወጠረ የለም። ከወረታ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ከደብረ ታቦር ወዲያ ስትሄዱ ግን ግራ ቀኙን የሞላው እሱ ነው። ገበሬው አንዱ አጣና የጣራ ቆርቆሮ፣ አንዱ የልጅ ሠርግ፣ አንዱ የመከራ ቀን መሸሸጊያ መሆኑን ስለሚያውቅ እያንዳንዱን ግንድ በዓይኑ ለክቶ ያስቀምጠዋል። በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ለከሰል ብሎ በማሳው ተክሎ አገሩን አለበሰው። እኔ የባሕር ዛፍ ወዳጅ አይደለሁም፤ ከምንጭ አጠገብ የተተከለ ለታ ምንጩን ይሰናበቱታል። ግን ኮታና ሰልፍ ያላስተማረንን እሱ አስተምሮናል፦ በስሙ የሚጠራበት ቤት ያለው ዛፍ አይሞትም።

ሌላው ምስክሬ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» የሚያውቀው ደራሲ፣ ሙያው የደን ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዞሮ በቅጥራቸው ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። የእርሻውና የግጦሹ መሬት ተራቁቶ አጸዱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ስለ ምን ነው? ታቦቱ አለ፤ ፈሪሃ እግዚአብሔሩ አለ። እኔ የምጨምረው ሌላ ነገር አለ፦ ሰው እዚያ ይውላል። ሰንበቴው ከዛፉ ጥላ ሥር ነው። ክርስትናው፣ ተስካሩ፣ ማኅበሩ፣ ሽምግልናው እዚያው ነው። እናት ጸሎቷን ስታደርስ ልጅ ከዋርካው ሥር ይጫወታል፤ አያቱ የተቀበረበትን ዛፍ ያውቃል። ቤተሰብ በየሳምንቱ የሚጎበኘው ደን ነው።

ይህም ደን ግን እያረጀ ነው። የዓለማየሁ ጥናት ከብት አጸዱ ውስጥ ሲገባ ጡት የሚጥል ቡቃያ እንደሚጠፋ፣ ከብቱ ሲከለከል ደግሞ ቡቃያው እንደሚያንሰራራ አሳይቷል። እሱና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ለአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የድንጋይ አጥር እንዲሠራ የደከሙት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው፤ ማሳው ይጸዳል፣ አጸዱ ይታጠራል። የእኛ ካህናትና ምእመናን ደግሞ በሲሚንቶ መቃብር አጸዱን እያጠበቡት ነው። ለሞተ ሰው ቤት ለመሥራት የቆመ ወይራ ሲቆረጥ አይቼ አዝኛለሁ።

«አሁን በዚህ ጊዜ ይህ ወሬ ምንድን ነው?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ሰው ከቀበሌ ቀበሌ መሄድ ይፈራል። ሰልፍ ለመጥራት ጊዜው አይደለም። ከደጅ ያለችን አንዲት ኮሶ ለመጠበቅ ግን ስብሰባ አያስፈልግም። እንዲያውም ዘመቻው ሲቆም የሚቆም እንክብካቤ ቀድሞም ዋጋው ስንት እንደ ነበር የታወቀው አሁን ነው።

የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ እንደ ፈረንጆች በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶን እንቅስቃሴ ስትጀምር ለገጠር ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ትሰጥ ነበር፤ የምትከፍለው ግን ችግኙ ሲጸድቅ ነው። እኛስ? ሴፍቲኔቱ ከሚከፍለው ጥቂቱን እንኳ ለጉድጓዱ ሳይሆን ለዓመት ቅጠል ቢያደርገውስ? ችግኙ ለቀበሌ ከሚታደል ለእማወራና ለአባወራ በስም ቢሰጥስ፤ ግራቪሊያ ብቻ ሳይሆን ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥድ፣ በቆላው ዋንዛ? የተከለለው ኮረብታ ሣሩን እረኛው አጭዶ ለከብቱ እንዲወስድ ቢፈቀድለትና ጥበቃው ለእሱ ቢሰጠውስ? ቆጠራውም በቡሄ ይሁን። ነሐሴ 13 ልጅ ሁሉ ጅራፉን ይዞ ሜዳ ነው፤ ባምናው ተከላ ላይ ዞሮ ቆጥሮ ለያንዳንዱ በሕይወት ላለ ዛፍ ሙልሙል ይቀበል። ከማንኛውም ሪፖርት የእሱን ቁጥር አምናለሁ፤ የጎደለች ጥጃ ከሠላሳ ከብት መካከል በአንድ እይታ የሚያውቅ ዓይን ነው ያለው።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ተጠግቼ «እንዴት አየኸው ተከላውን?» አልሁት። አፈረ፤ በጅራፉ ጫፍ ጭቃውን እየጫረ ዝም አለ። ቆይቶ ቀና ብሎ፣ አዲስ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ወደ ተደረደሩበት ወገን አገጩን ቀሰረ።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ እኮ ቀጋ ነበር። ጉድጓድ ለመቆፈር ብለው መነጠሩት።»

«ቀጋ ምን ያደርጋል ታዲያ?» አልሁት፤ እንግዶቹ ሊሉ የሚችሉትን።

«እሾሁን ፈርቶ ከብት አይደርስበትም። ከሥሩ ጥድ በቅሎ ነበር፤ እዚህ ይደርሳል» አለኝ፣ ጉልበቱን በእጁ እየነካ። «ሰባት ነበሩ። እኔ ነበርሁ የማያቸው።»